ሦስት ሽማግሌ ለዮሐና

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ብርድ። የምነዳው የትምህርት ቤት ባስ ሦስት ጊዜ አንገራግሮ ነው የተነሳው። ያቺ አንደኛ ክፍል ያለችው ምላሰኛ ገና ደረጃውን ሳትጨርስ "ሚስተር ሐብቴ፣ ዩ አር ሌት" አለችኝ። ሰባት ደቂቃ ነው የዘገየሁት! ባለቤቴ ሂሩት እንኳ እንደዚህ አትቆጣጠረኝም።

እሑድ ለንዋይ ልጅ ሽማግሌ ሄደን ነበር። እሺ ተባልን። አሥራ ሰባተኛዬ ነው። አሥራ ሰባት ጊዜ የሰው ደጅ ቆሜ ልጅ ጠይቄ አንድም ጊዜ እምቢ ተብዬ አላውቅም። ጉራ አይደለም... እሺ፣ ጉራ ነው። ማን ያነበዋል?

ዘዴው ቀላል ነው። ሦስት ሰው፤ ከሦስት መጉደል የለበትም። ነጭ ጋቢ። "ተቀመጡ" ሲባል አለመቀመጥ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ እንዴት እንቀመጣለን? ደግሞ ከጥያቄው በፊት የልጅቷን አባት አንድ ጊዜ ማሳቅ። የሳቀ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ንዋይ አቅፎኝ "ሐብቴ፣ ይሄን ውለታ በምን እመልሳለሁ?" አለ። የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ። ውለታ አለው ደግሞ።

ጥር 12፣ ሰኞ

የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል፣ ባስ የለም። ልጄ ዮሐና ጊፍቲን ይዛ ለምሳ መጣች።

ስለ ጊፍቲ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ በትክክል ጽፌ አላውቅም። "የዮሐና ሩምሜት" ነው የምላት። ለእንግዳም፣ ለዕድሩም፣ ለራሴም። የዛሬ አራት ዓመት ዮሐና እዚሁ ኩሽና ውስጥ ቆማ "አባዬ፣ እኔ የምወደው ሴት ነው" ስትለኝ ሰባት ወር አላናገርኳትም። ሰባት ወር! ያስታረቀችን ሂሩት ናት። "የሰውን ልጅ ትድራለህ፣ የራስህን ታባርራለህ" ብላ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነን። ብቻ አናወራበትም።

ዛሬ ተወራ። በሰኔ ሊጋቡ ነው። እዚህ አገር ሕጉ ከፈቀደ ቆይቷል። የቸገረው የጊፍቲ አባት ነው፤ አቶ ይልማ፣ ብሩክሊን ፓርክ የሚኖር፣ በጴንጤ ቸርቻቸው የተከበረ ሰው። ከገና ጀምሮ ልጁን አያናግራትም። በእናቷ በኩል ግን እንዲህ ሲል ልኮባታል፦ "ወግ ያለው ቤት ከሆነ ሦስት የአገር ሰው ሽማግሌ ይላክልኝ። እስከ ሜይ አጋማሽ እጠብቃለሁ። ያኔ እሰማለሁ።"

ተንኮሉ ወዲያው ገባኝ። ሦስት ቀርቶ አንድ እንደማይገኝ ያውቃል። እምቢ ሳይሉ እምቢ ማለት! ጎበዝ ነው ሰውየው።

"ለምን እነሱ ወደኛ አይልኩም?" አልኩ። ጨንቆኝ ነው።

"ቀድሜ የጠየቅኳት እኔ ነኛ!" አለች ዮሐና። ጊፍቲ ሳቀች። ሂሩትም። እኔም... ትንሽ።

ከዚያ "አባዬ፣ ለሰው ሁሉ ትሄዳለህ። ለኔ የሚሄድ ፈልግልኝ" አለችኝ።

አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ሆኖ አይሄድም፣ ሰው ይልካል። ላስብበት አልኳት። ለምን ወዲያው እሺ አላልኩም? ፈርቼ ነዋ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

አምስት ቀን አሰብኩ። የማስበው ሌላ አይደለም፣ ያንን ሰባት ወር ነው። ዛሬ ንዋይ ጋ ሄድኩ። እሱ እሺ ካለ ሌላው ይከተላል።

ለዮሐና ሽማግሌ ሁንልኝ ስለው ሻዩን አስቀመጠ። "ሐብቴ፣ ከዚህ ይልቅ ኩላሊቴን ጠይቀኝ።"

"ኩላሊትህን ምን አደርገዋለሁ?"

"አልቀለድኩም። ሰው ምን ይላል? ዕድሩስ? ደግሞ አንተ ራስህ... ከዚህ በኋላ ማን ሽማግሌ ብሎ ይጠራሃል?"

እሱን አላሰብኩትም ነበር። እውነቱን ነው። በዚህ ከተማ ሐብቴ ማለት ሽማግሌ ማለት ነው። አሥራ ሰባት ላይ ሊያበቃ ነው? ደህና ሁን ሳልለው ወጣሁ።

ጥር 18፣ እሑድ

ንዋይ አልደወለም። እኔም።

የካቲት 2፣ እሑድ

ከዳርኳቸው ውስጥ ዘጠኝ ቤት ደወልኩ። አንዱ ጉልበቱን ያመዋል፤ ትናንት ኳስ ሲጫወት አይቼዋለሁ። አንዱ ቅዳሜ ሺፍት አለው። እሑድስ? እሑድም። ሰኞስ? "ስኬጁሉ ገና አልወጣም ጋሼ፣ ግን ይኖረኛል።" አንዱ "ጸበል ውሰዳት" አለኝ። አንዷ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እሷን እንኳ አከበርኳት፣ ቢያንስ አልዋሸችኝም።

ለሂሩት እየተረክሁላት በሳቅ ሞትን። ከዚያ መኪና ውስጥ ብቻዬን ሆኜ አለቀስኩ። ያፈርኩት በዮሐና አይደለም። በምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ዘይት ላስቀይር ካሳዬ ጋራዥ ሄድኩ። ካሳዬ የዛሬ አሥር ዓመት የዳርኩት ልጅ ነው። ልጠይቀው አላሰብኩም ነበር። መኪናው ሥር ተኝቷል፣ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። ለእግር ማውራት ቀለለኝና ሁሉንም ዘከዘክሁት።

ከዚያ ከሥር፦ "መቼ ነው?"

"ሰምተኸኛል? ሙሽሮቹ ሁለቱም..."

"ሰምቻለሁ ጋሼ። መቼ ነው?"

ተንሸራቶ ወጣ፣ ፊቱ ግሪስ በግሪስ። "እኔ ክርስቲያን፣ ሚስቴ ሙስሊም። ያኔ ማን ሄደልኝ? አባቷ ደጅ አንድ ሰዓት ተኩል በረዶ ላይ ቆመህ የለ? እኔ የምጠይቅህ ቀኑን ብቻ ነው። ሥራ ኦፍ ልውሰድ ብዬ።"

አንድ ተገኘ! የዘይቱን አላስከፍልህም ብሎ ተጨቃጨቅን።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

በባስ መስመሬ ላይ የቀስተ ደመና ባንዲራ የሰቀለ የፈረንጅ ቸርች አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ መዋዕለ ሕፃናት ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም በሩ ጋ ስደርስ ልጅ እንዳይሮጥብኝ ቀስ እል ነበር። ዛሬ ለዮሐና በስልክ ስነግራት ሳቋ ሊገድላት። "ዳድ! ኦ ማይ ጋድ!" ከተጣላን ወዲህ እንደዚህ ስትስቅ አልሰማሁም።

ለካ ባንዲራው እንደነዮሐና ላሉት ነው፤ ፈረንጆቹ ቸርች ላይ ይሰቅሉታል። እኛ ጋ በሹክሹክታም አይነሳ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ወሬው ደርሷል። ቤተ ክርስቲያን ሰላምታው ቀንሷል። እጅ አይሰጡኝም፣ ጣት ነው የሚሰጡኝ። ንዋይ ከሩቅ አንገቱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። እንሽላሊት መስለናል።

ከቅዳሴ በኋላ ደረጃው ላይ እማማ አስካለማርያም ክንዴን ያዙኝ። የዮሐና የክርስትና እናት ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ቄሱም ይፈሯቸዋል። ተግሣጼን ልቀበል ብዬ አጎነበስኩ።

"ሰው ጎደለህ አሉ።"

"አዎ እማማ። አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት።"

"ሁለት በል።"

"ማንን?"

"አያትህን! እኔን ነዋ!"

"እንዴ እማማ... ሴት ሽማግሌ ሆና ስትሄድ..."

"ሁለት ሴት ሲጋቡ ችለህ፣ ሴት ሽማግሌ ስትሄድ ደነገጥክ?"

እዚያው ደረጃው ላይ ሳቄ አመለጠኝ፣ ሰው ሁሉ ዞረ። ከዚያ እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "ቤተ ክርስቲያን አትባርከውም፣ ታውቃለህ። እኔም ነገሩ ገና አልገባኝም። ግን ያቺን ልጅ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ያነሳሁትን አልጥልም።"

ሁለት።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ፋሲካ አለፈ። ዶሮውም አለቀ። ሦስተኛ ሰው የለም። ዮሐና ቴክስት አደረገች፦ ኢትስ ኦኬ ዳድ። ኦኬ አይደለም!

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ሄድን። ሦስት ሆነን። ሦስተኛው እኔ።

ከአፕል ቫሊ ብሩክሊን ፓርክ ድረስ ካሳዬ ነው ድራይቭ ያደረገው። እማማ መንገዱን ሙሉ "ቀስ በል" እያሉት። አቶ ይልማ በሩን ከፍቶ አንድ በአንድ አየን። እኔ ላይ ቆመ።

"አቶ ሐብተማርያም፣ አባት ለገዛ ልጁ አይመጣም።"

"አውቃለሁ። ሦስተኛ ሰው አጣሁ። እንደማጣም ያውቁ ነበር።"

ከበሩ ገለል አለ። ከዚያ "ግቡ። ተቀመጡ።"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

ያዘጋጀሁት ቀልድ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። አሥራ ሰባት ጊዜ ያልጠፋው! እማማ ግን ንቅንቅ አላሉም። አቶ ይልማ ፈራ ተባ እያለ "እናቴ፣ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?" አላቸው።

"የሙሽራዋ።"

"የትኛዋ?"

"እሱን እርስዎ እሺ ሲሉ እመርጣለሁ።"

መጀመሪያ ከኩሽና ባለቤቱ ቢሊሴ ሳቀች። ከዚያ እሱ ከንፈሩን ነከሰ፣ ግን አልቻለም። ሳቀ!

ሳቁን ሲጨርስ ፊቱ ጨለመ። "እኔ ነገ ቸርች እንዴት ነው የምቆመው?"

"እንደኔ" አልኩት። "እጅ ሳይሆን ጣት እየሰጡዎት። ይለመዳል። ያልተለመደልኝ ሌላ ነው። ሰባት ወር ልጄን ሳላናግራት ቀረሁ። እሷ ረስታዋለች፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ እቆጥረዋለሁ።"

መሬቱን እያየ "የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ልስጣችሁ" አለ።

በደስታ እየጨፈርኩ ቤት ልገባ ስል ዮሐና ደወለች፤ እያለቀሰች። "ቱ ዊክስ? እምቢ ማለቱ ነው እኮ አባዬ!" እዚህ አገር "እንደውልልሃለን" ከተባልክ ሥራው የለም ማለት ነው፣ ልጄ በዚያ ለክታው ነው። "አንቺ ሞኝ!" አልኳት። "በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ያልወደደ ነው። ቀጠሮ ሰጠ ማለት ልቡ ተረታ ማለት ነው።"

"ፎር ሪል?"

"ፎር ሪል።"

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ደወሉን ሳንነካው በሩ ተከፈተ። ጊፍቲ አባቷ አጠገብ ቆማለች። እጇን ይዞታል። ከዚያ በኋላ የተባለውን በደንብ አልሰማሁም፣ እጃቸውን ነበር የማየው።

እሺ አለ። አንድ ነገር ብቻ፦ "ሰርጉ ላይ ቆሜ ንግግር አላደርግም።"

እማማም "አይቁሙ። ቁጭ ብለው ይብሉ" አሉት። እኛም ተቀመጥን። በመጨረሻ።

ሌላው... ሌላ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ስልኬ ማረፊያ አልነበረውም፣ የሰርግ ወቅት ነዋ። ዘንድሮ ፀጥ ብሏል። ንዋይ ያለው ደረሰ። አይቆጨኝም አልልም፤ ይቆጨኛል። ግን ብመለስም ያንኑ ነው የማደርገው።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ትናንት ተዳረች! ፓርኩ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር። ሂሩት ሦስት ጊዜ ሜካፗን አበላሽታ ሦስት ጊዜ ተቀባች። አቶ ይልማ እንዳለው አልተናገረም፣ ግን ሁለቱ ሲገቡ ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ ያጨበጨበው እሱ ነው። እጁ እስኪቀላ።

ከጠራናቸው ግማሹ ቀሩ። የቀሩትን መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። ንዋይ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ይዞ ዳር ላይ ቆሞ አገኘሁት። "ብቅ ብዬ ልሂድ ነው" አለ። ሁለት ሳህን በላ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሊመሽ ሲል መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና "ኩላሊቱ ይቀለኝ ነበር" አለኝ። ተያይዘን ሳቅን። ይቅርታ ማለቱ ነው፤ ሌላ ቋንቋ አያውቅም።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ ስልኩ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር። ሴት ናት።

"ጋሽ ሐብቴ ነዎት? ይቅርታ... ጃለኔ እባላለሁ። ኢገን ነው የምኖረው። ልጄ ሊያገባ ነው... ሽማግሌ እንድንልክ ነበር..." ቆመች። "የሚያገባው... እሱም ወንድ ነው። ስንት ሰው ጠየቅሁ። አንድ ሰው 'ሐብቴ ጋ ደውይ፣ እሱ ይሄዳል' አለኝ።"

"ማነው ያለሽ?"

"አቶ ንዋይ የሚባሉ ናቸው።"

ከወንበሬ ተነሳሁ። አሥራ ሰባት ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር እኮ።

"ሰሙኝ ጋሼ?" አለች፣ ፈርታ።

"ሰምቼሻለሁ እኅቴ። መቼ ነው?"

አለቀሰች መሰለኝ። ከዚያ "ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋል አሉ... እኔ ማንም የለኝም" አለች።

"ሦስት አለን" አልኳት።