ሁለተኛው ደም

ሶዶ፣ ኅዳር 2003 ዓ.ም.

ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህን የምጠይቀው ለወጉ አይደለም፤ ዛሬ መልሱን እፈልገዋለሁ። እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ። አክስቴ አሰፋሽ ግን ሙሽራ ፀሐይ አይነካትም ብላ ከግቢ አታስወጣኝም። ጠዋት ማታ በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ፣ ሙቿ፣ ታቀርብልኛለች። ጠገብኩ ስላት «ኤርካሎ ያጨው ሰው ነው እንጂ አጥንት አይደለም» ትለኛለች።

ይህን በወላይትኛ ብነግርህ አለቅሳለሁ። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ባስተማርከኝ አማርኛ ጻፍኩት።

በሐምሌ ሽንትህ ተዘግቶ ቱቦ ሲገባልህ አብሬህ ነበርኩ። በማግስቱ ደም ተወስዶ አዲስ አበባ ተላከ፤ ከአራት ባይበልጥ የሚሻለው ቁጥር አሥራ አንድ ሆኖ መጣ። ሐኪሙ ካንሰር ነው አላለም። ፕሮስቴት የሚሠራው ፕሮቲን ጥቂቱ ወደ ደም ይገባል፤ ካንሰር ሲኖር ይበዛል፣ ነገር ግን ፕሮስቴቱ በዕድሜ ሲተልቅም፣ ሲመረቅዝም፣ ቱቦ ሲነካካውም ይበዛል፤ እስኪሻልህ ቆይቶ ይደገም አለ። ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝና ይህንኑ ለቤተሰቡ አስረዳሁ። አጎቴ ደገፉ «ቁጥሩ ከእጥፍ አልፎ ምን ቀረው?» ብሎ አፌን ዘጋኝ። ሲመሽ ከተማችን ቦዲቲ በሙሉ ቀብሮህ ነበር።

አንተም ሁለተኛ መርፌ አልፈልግም፣ ሠርግሽን አይቼ ልሂድ አልከኝ። ሐረማያ ለሁለተኛ ዲግሪ ያገኘሁትን ቦታ ተውኩት። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አንገቴን ደፋሁ። ኤርካሎ ክፉ ሰው አይደለም። መጽሐፎቼን ለእህቱ ልጆች አከፋፍሎ ከእንግዲህ ምን ያደርጉልሻል ሲለኝ፣ ሸክም ያቀለለልኝ መስሎታል።

ማክሰኞ ሜላት ልትጠይቀኝ መጣች፤ አብራኝ የተማረችው፣ ክሊኒኩ ላብራቶሪ የምትሠራው። ጉንጬ ስለመሙላቱ ስትስቅብኝ ቆየችና፣ «አባባስ ደህና ናቸው? ሁለተኛውን ደም የቀዳሁላቸው እኔ ነኝ እኮ» አለችኝ። ቁጥሩ ሦስት ነጥብ ምናምን መሆኑን ስትነግርህ ግንባሯን ስመሃታል። ለልጄ ራሴ ነኝ የምነግራት ብለሃታል። መቼ ነው ስላት፣ በመስከረም፣ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ሥጋ ልትገዛ ሶዶ የመጣህ ሰሞን ነው አለች።

የሐረማያ ምዝገባ ያኔ ገና አልተዘጋም ነበር። ሽማግሌ የተቀበልከው በጥቅምት ነው። የተከራየሁት ቤት ደግሞ ከክሊኒኩ ማዶ ነበር። መቼም አንኳኩተህ አጥተኸኝ ይሆናል።

 አክስቴ ከበሩ ቆማ ስለነበር ሳቅኩ።

ጎረቤትህ እትዬ ፈጠነች፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ አንተ አሁንም ለራት ሁለት ሰሃን እንደምታወጣ ነግራኛለች። እሱን ሳስብ ንዴቴ ይበርዳል፣ ተመልሶ ደግሞ ይነሳል። ብቻዬን አትተይኝ ብትለኝ ኖሮ እኮ እሰማህ ነበር። ሐረማያም የሄዱበት መንገድ ይመልሳል።

ስማችን ሁለት እሁድ በቤተ ክርስቲያን ተነቧል። የፊታችን እሁድ የመጨረሻው ነው። መጋቢው እንደ ደንቡ ይህ ጋብቻ እንዳይፈጸም ምክንያት ያለው ይናገር ይላሉ፤ ሰዉም እንደ ልማዱ ዝም ይላል። አንተ ከፊት ትቀመጣለህ። ቀድመህ ብትነሳ እወዳለሁ፤ የሁለተኛውን ደም ውጤት ብቻ ብትናገር ይበቃል፣ ሌላውን ማንም ከእኔ አይሰማም። ካልተነሳህ ከሴቶቹ ወገን እኔ እነሳለሁ። አክስቴ ከግቢ ትከለክለኝ ይሆናል፤ ከቤተ ክርስቲያን ግን አታስቀረኝም።

ምርመራውን እንዳትተው። ቁጥሩ ስለወረደ ሁሉን ተናግሮ ጨርሷል ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ና ባለህ ጊዜ ሂድ።

ጌታ ዕድሜህን ያርዝመው። እንደሚያረዝመው አሁን ሁለታችንም ተስፋ አለን።

በሚቀጥለው ምርመራ አብራህ የምትመጣው፣
ልጅህ