አየር አልወጣ ያለው ፍሬን

ታዴዬ፣ የማርታ አባት፣

ከተለየኸኝ ዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ደህና ነን ልልህ ብዕር አነሣሁና እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለንም። ይህን ጽፌ ስጨርስ ምድጃ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ እስከዚያ ግን የሆነውን ልንገርህ።

ጥቁር አልለበስኩልህም፤ እንዳትቀየመኝ። ላንተና ላንተ ቢጤዎች ማልቀስም፣ ድንኳን መጣልም፣ ጥቁር መልበስም ክልክል ነው ተብሎ በቀበሌው ስብሰባ ተነግሮናል። እኔም ያን የሥራ ቱታህን ለበስኩ። በግራሶና በዘይት ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ጠቁሯል፤ ይህን አውልቂ ያለኝ እስካሁን የለም። ማርታን አባትሽ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል ብያታለሁ። ትንሽ ናት፤ ለሰው ታወራለች ብዬ ፈራሁ።

ያን እሑድ ጠዋት፣ ከእንጦጦ ስትወርድ ፍሬኑ ሁለቴ ስለከዳህ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦውን ልትቀይር ታክሲህን ግቢያችን ውስጥ በድንጋይ ላይ አሳርፈህ ከሥሯ ገባህ። እኔ እንደ ልማዴ መሪው ጋ ተቀምጬ ፔዳሉን ልረግጥልህ ተዘጋጅቼ ነበር። በዚህ ስንቴ እንደተጣላን ትዝ ይልሃል? ቤት ውስጥ ውኃ አምጪ ለማለት የምታፍር ሰውዬ፣ መኪና ሥር ስትገባ ጄኔራል ትሆናለህ፤ ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ! እኔም እልህ ይዞኝ ያዢ ስትል እለቅ ነበር፤ አየር ይገባና ሥራው እንደገና ከሀ ይጀመራል። ያን ቀን ግን ትእዛዝህን ሳትጀምር አብዮት ጠባቂዎቹ መጡ። ተሳፋሪ የጣለው የፀረ አብዮት ወረቀት ታክሲህ ውስጥ ተገኝቷል ብለው በእግርህ ጎትተው አወጡህ። እጅህን እንኳ አላስታጠቡህም።

ማክሰኞ፣ መፍቻ የሚያውሱህ ጎረቤታችን ጋሽ ማሞ፣ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ወድቀህ አዩህ። ፊትህ አይለይም ነበር፤ በእጅህ ዘይት ነው የለዩህ። ሬሳህን አልሰጡንም።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ማሞ መፍቻቸውን ይዘው በራችን ላይ ቆሙና፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ፣ «ይህ ፍሬን እንዲህ ተፈትቶ አይቀርም፤ ኑ እንጨርሰው!» አሉ። ደሜ ፈላ። ባሌ ሳይቀበር ስለ ቱቦ ያወራሉ ብዬ አፌን ልከፍትባቸው ስል፣ ሐጂ ኑሪ ሱቃቸውን ዘግተው፣ እትዬ አስካለና የእድሩ ሰዎች ደግሞ አንድ በአንድ ከኋላቸው ሲገቡ አየሁ። ቱቦው ውስጥ አቧራ እንዳይገባ ብለው የእድሩን ሸራ በመኪናው ላይ ወጠሩት። ያኔ ገባኝ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። ወንዶቹ ቱቦውን ያጎብጣሉ፣ ያቃናሉ፣ ደግሞ ያጎብጣሉ። ሴቶቹ በሸራው ሥር ተቀምጠው ድምፅ ሳያወጡ ያለቅሱልሃል።

እትዬ አስካለ ግን ለቅሶ ቤት የለመደ እጃቸው አታሏቸው ንፍሮ ቀቅለው መጡ። ልክ ለሰው ሲታደል አብዮት ጠባቂው ከነጠመንጃው ገባ። ንፍሮውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዓይኔ ለምን እንደቀላ ጠየቀ። ጋሽ ማሞ ከመኪናው ሥር ሆነው፣ «የፍሬን ዘይት ገብቶባት ነው። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ አየሩ አልወጣ ብሎን ተቸግረናል። ረቡዕ አይደል፣ ጾም ነው፤ ና ንፍሮ ቅመስ» አሉት። ቁጭ ብሎ ዘገነ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እንጃ፣ የለቅሶህን ንፍሮ በልቶ ሄደ። ቢቻለኝ አንቄ በገደልኩት ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በሠልስትህ ጋሽ ማሞ ሞተሩን አስነሺ አሉኝ። ነዳጁን ርገጪ፣ እኔ ሳልልሽ እንዳትለቂ አሉ። ሞተሩ ግቢውን አናወጠው። በዚያ ጩኸት ውስጥ ስምህን ጠርቼ አለቀስኩ። ሴቶቹም ሙሾ አወረዱልህ፤ እኔ አልሰማኋቸውም፣ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት። ጋሽ ማሞ ነዳጁ እስኪያልቅ ልቀቂ አላሉኝም።

ዓርብ ፍሬኑ ተጠግኖ አለቀ፤ ሸራውም ተጣጥፎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰው አይመጣም፤ ምን ብሎ ይመጣል? ፍትሐት አልተፈታህም፣ መቃብር የለህም። እኔ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቀንህን እቆጥራለሁ።

ነገ አርባህ ነው። ዛሬ ጠዋት የኋላውን ቱቦ በገዛ እጄ ፈታሁት፤ ዘይቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ጋሽ ማሞ ዘንድ ሄጄ ፍሬኑ እንደገና አየር ገባበት አልኳቸው። እሳቸውም፣ ነገ ጠዋት ሰው ይዤ እመጣለሁ አሉ።

አልረሳህም፣ ታዴዬ። በሙት ዓመትህም ይበላሻል፣ በሰባት ዓመትህም ይበላሻል፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ይህ ፍሬን ተጠግኖ አያልቅም።

ሚስትህ አልማዝ