ሲስተርን ያሳገደብን ሰው

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለፋናዬ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? የአሶሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ያ የግራ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ተሻለው? ደረጄስ ሥራው እንዴት ነው? ትንሿ ሳምራዊት የፊት ጥርሷ በቀለላት? እኔ ከደም ግፊቱ በቀር ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ኪኒኑን ባዘዝሽኝ ሰዓት እወስዳለሁ፤ የወሰድኩበትንም ቀን እመዘግባለሁ። ልጅሽ ኤደንም ደህና ናት። ስለ እሷ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ስላለኝ እዚህ ላይ አልቸኩልም። ክረምቱ እንደከዳን ሰምተሻል፤ ማሾው ከግማሽ በታች ነው የገባው፣ የሮቢ ወንዝም ከወዲሁ ድንጋዩን አሳይቷል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በመጀመሪያ ፖስታውን ገልብጠሽ እይው። በማሸጊያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች አስምሬበታለሁ። መስመሮቹ ካልገጠሙ ይህን ያደረሰልሽ ሾፌር ከፍቶታል ማለት ነውና አሳውቂኝ። ሁለተኛ፣ ጥር 18 ቀን በጻፍኩልሽ ደብዳቤ «መጥተሽ ኤደንን ውሰጃት፣ እዚህ የያዘችው ጓደኛ አላማረኝም» ብዬሽ ነበር። የሥራ ፈቃድ ጠይቀሽ እንደሆነ አስቀሪው። ይህን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ምንም አታድርጊ። በስልክ እንዳልነግርሽ መስመሩ ይቆራረጣል፤ ደግሞም እንዲህ ያለው ነገር ተራ በተራ ካልተነገረ አይገባም።

ነገሩ የጀመረው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው በደሳለኝ ኮምፒዩተር ቤት ነው። ደሳለኝ አሥር ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ አያይዞ ወጣቶቹን ያጫውታል። ልጅሽ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ስትወጣ እዚያ እንደምትገባ ከሰው ሰማሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ሳልነግራት ተከትያት ሄድኩና ከኋላ ቆሜ አየሁ። ጨዋታው የተኩስ ነው። አምስት ሰው አንድ ቤት ይጠብቃል፣ ሌላው አምስት ሰብሮ ሊገባ ይሞክራል። እያንዳንዱ ተጫዋች ከሃያ ተዋጊዎች አንዱን ይመርጣል፤ አንዱ የያዘውን የቡድኑ ጓደኛ አይደግመውም። ተዋጊዎቹ የውጭ ስም አላቸው፤ ልጆቹ ግን የራሳቸውን አውጥተውላቸዋል። ግድግዳ የሚያፈርሰው «ዶዘር» ነው። ጭስ የሚጥለው «ከሰል» ይባላል። በር ላይ ወጥመድ አጥምዶ ጥግ ይዞ የሚጠብቀውን «ደላላው» ብለውታል። የወደቀ የምታነሣዋ ደግሞ «ሲስተር» ናት። መምረጥ ሳይጀመር እያንዳንዱ ቡድን ከሌላው ቡድን አንድ ተዋጊ ያግዳል፤ የታገደው በዚያ ግጥሚያ አይሰለፍም።

ኤደን ሁልጊዜ ሲስተርን ነው የምትይዘው። ብሩክ የሚባለው ጓደኛቸው «አንቺ፣ ጦር ሜዳ ነው የመጣሽው ወይስ ጤና ጣቢያ?» እያለ ያበሽቃታል። እሷም «አንተን ለማንሣት ነዋ፤ ገና በር ሳይከፈት ትዘረራለህ» ትለዋለች። እኔ በመጀመሪያ ናፍቆት ያመጣው ምርጫ መስሎኝ ነበር፤ እናቷ ነርስ ናትና። ግምት ስለማልወድ ግን ደብተር ይዤ እየሄድኩ መመዝገብ ጀመርኩ። በሦስት ሳምንት ሰባ አራት ጨዋታ መዘገብኩ። ልጆቹ የሚቆጥሩት ማን ስንት ገደለ የሚለውን ነው። እኔ የቆጠርኩት ማን ሲሰለፍ ቡድኑ ያሸንፋል የሚለውን ነበር። ዶዘር ብዙ ይገድልና ቡድኑ ይሸነፋል። ሲስተር አንድም ሰው ሳትገድል ትውላለች፤ እሷ ያለችበት ቡድን ግን ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ይወስዳል። ሠንጠረዡን ሳሳያቸው ብሩክ ሁለት ጊዜ ደምሮ አጣራው። ከዚያ ወዲህ ማንን እንምረጥ ሲሉ እኔን ይጠይቁ ጀመር።

ቡድናችን አምስት ነው፤ ኤደን፣ ብሩክ፣ ሁለቱ የደሳለኝ ልጆች፣ አምስተኛው የጎረቤቴ የሙሄ ልጅ ጁነይድ። ከማጀቴ ከተማ ፀጋዬ የሚባል ወጣት የሚመራው ቡድን እየመጣ ይገጥማቸዋል። ሦስቱ ግጥሚያ መለማመጃ ነው፤ በአራተኛው ያሸነፈ ደብረ ብርሃን ለሚደረገው ውድድር ይሄዳል ተባባሉ። ኅዳር 26 ቀን በእኔ ሠንጠረዥ ተመርተው አሸነፉ። ታኅሣሥ 24 ቀን ግን ፀጋዬ ገና ከመቀመጡ «ሲስተርን አግዱልኝ» አለ።

ፋናዬ፣ ሲስተርን የሚያግድ ሰው የለም። ሁሉም ይንቃታል። ዋጋዋን የሚያውቅ ሠንጠረዤን ያየ ሰው ብቻ ነው። ሠንጠረዡን ያየነው ደግሞ አምስቱና እኔ ነን። ልጆቹ ተሸንፈው ሲወጡ እኔ ዓይናቸውን ነበር የማየው።

በሰማንያ ስድስት ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲሰረቅብኝ ሌባውን እንዴት እንደያዝኩት ታስታውሻለሽ። ያንኑ ዘዴ ተጠቀምኩ። ለጥር 15 ግጥሚያ ለአምስቱ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ወረቀት በእጄ ጻፍኩ። ምርጫው በሁሉም ላይ አንድ ነው፤ ራስጌው ላይ «ከሁሉ በላይ እንዳይታገድብን» ያልኩት ተዋጊ ብቻ ይለያያል። በኤደን ወረቀት ላይ ከሰል፣ በብሩክ ላይ ዶዘር፣ በጁነይድ ላይ ደላላው ነበር። አንዱ የሌላውን እንዳያይ አስጠነቀቅኩ። በዕለቱ ፀጋዬ እጁን ኪሱ ከትቶ «ዛሬ ደላላውን ነው የምናግደው» አለ።

ከዚህ የበለጠ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል? እዚያው በሰው ፊት ወረቀቶቹን ሰብስቤ አስረዳሁ። ጁነይድ ማውሱን አስቀምጦ ተነሣ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቲቸር፣ ወረቀቱን የሚያውቀው ስንት ሰው ነው?» አለኝ። አምስት አልኩት። «ስድስት» አለና ወጣ። እኔ ድፍረት ነው ብዬ ያዝኩት፤ ስድስተኛው እንደ ልቡ በግቢዬ የሚገባው አባቱ ይሆን ብዬም ጠረጠርኩ። ኤደን ተከትላው ስትወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። በሦስተኛው ቀን ያንን ደብዳቤ ጻፍኩልሽ።

ሙሄ በማግስቱ በራፌ ላይ ቆሞ፣ ግባ ብለው እምቢ ብሎ፣ «ገብሬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ስንኖር ከቤቴ የሌላ ሰው መርፌ አግኝተህ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «እንግዲያ በልጄ ላይ ይህን ስም በምን ሰፋህበት? አላህ ያሳይህ» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስንተላለፍ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል እንጂ አፉን አይከፍትም። ኤደንም ምሳዬን ታቀርብና ትወጣለች። አንድ ቀን ብቻ «ጋሼ፣ ጁነይድ ቢፈልግ እኮ በሩን ከፍቶ ይነግራቸው ነበር፤ መደበቅ አያውቅበትም» አለችኝ። መከራከሪያ እንጂ ማስረጃ አይደለም ብዬ መለስኩላት። ይህን በማለቴ አሁን አፍራለሁ።

የካቲት 3 ቀን ጨው ለመግዛት ሙሀባ ሱቅ ሄድኩ። ወረቀት አልጥልም፣ ታውቂያለሽ። ሁለቱም ጎኑ የሞላውን ወይም የተበላሸብኝን አጠራቅሜ፣ ፈተና ከማርምበት ዘመን ጀምሮ፣ መጠቅለያ ይሆናት ዘንድ ለሙሀባ እሰጣታለሁ። ጨዉን ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ስፈታው የገዛ ሠንጠረዤ ነው። የታኅሣሥ ረቂቅ፣ የሲስተር መስመር በቀይ የተሰመረበት።

ጨዉን እንደያዝኩ ተመለስኩ። «ሙሀባ፣ ከዚህ ወረቀት ለሌላ ሰው ሰጥተሻል?» አልኳት። «ኧረ ጋሼ፣ ማን ቀረ?» አለች። «እነዚያ የማጀቴ ልጆች እንኳ ከመኪና ሲወርዱ ኦቾሎኒ ይገዙኛል። ያ ረጅሙ በመምህሩ ወረቀት ጠቅልይልኝ፣ ጽሑፉ ያምራል ይለኛል። እኔ ደግሞ እርስዎን ያደነቀ መስሎኝ፣ ማሻአላህ፣ መርጬ እሰጠዋለሁ።»

ቤቴ ገብቼ ወረቀቴን ቆጠርኩ። ገጾቼን ሁሉ ቁጥር እንደምሰጥ ታውቂያለሽ። ለአምስቱ ልጆች የተጠቀምኩት ከ31 እስከ 36 ነው። አምስት ልጅ፣ ስድስት ወረቀት። አሰብኩና መጣልኝ፤ 33ኛው የጁነይድ ነበር፤ ማስመሪያው ተንሸራቶብኝ መስመሩ ስለጠመመ፣ ጠማማ ወረቀት ለተማሪ አይሰጥም ብዬ እንደገና ጽፌዋለሁ። የተበላሸውን ከክምሩ ላይ አኖርኩት። ክምሩን ለሙሀባ የወሰድኩት ጥር 13 ቀን ነው፤ ከግጥሚያው ሁለት ቀን አስቀድሞ።

ስድስተኛው ሰው እኔ ነኝ፣ ፋናዬ። ሁሉን ስጠረጥር ራሴን ከዝርዝሩ አውጥቼ ነበር።

መጀመሪያ ሙሄ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌ መላክ ነበረብህ ይሉኝ ይሆናል፤ ሽማግሌው ራሴ ነኝ ብዬ ብቻዬን ገባሁ። የጨዉን ወረቀት መሬት ላይ ዘርግቼ ከአንድ እስከ መጨረሻ አስረዳሁት። ሙሄ «ጨዉስ የት አለ?» ብቻ አለኝ። በማግስቱ ደሳለኝ ቤት፣ በከሰስኩበት ቦታ፣ በከሰስኩበት ሰዓት ቆሜ ስህተቴን ተናገርኩ። ብሩክ «ቲቸር ራሳቸው ወደቁ፤ ሲስተር፣ ነይ አንሺያቸው» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ጁነይድ ሳቀ፣ ግን ዘግይቶ ነው። ወረቀት ቁጥር 33ን የት እንደነበረ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። መብቱ ነው።

ከዚያ ልጆቹ አንድ ሐሳብ አመጡ፤ ሙሀባ ለእነ ፀጋዬ ሌላ ወረቀት ትስጣቸው አሉ። ውሸት በእጄ ጽፌ አላውቅም፣ አልጽፍምም አልኳቸው። ጁነይድ «እርስዎ አይጻፉ፣ ቲቸር» አለና እስክሪብቶውን ተቀብሎኝ እዚያው ጻፈው። «ዶዘር ከታገደብን አለቀልን» የሚል። ፋናዬ፣ ጽሑፉ የእኔው ነው። የ«ለ» እግር ሳይቀር፣ ቀዩ መስመር ሳይቀር። ይህ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ሳስተምረው በየሳምንቱ «ፈቃድ ተሰጥቶታል» የሚል የእኔ ወረቀት ለክፍል አለቃው ያሳይ ነበር። ስንቱን እኔ እንደጻፍኩት አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ቀን ሳገኝ እጠይቀዋለሁ።

ትናንት የካቲት 13 ግጥሚያው ሆነ። ፀጋዬ ኦቾሎኒውን እያኘከ ገባና ዶዘርን አገደ። ሲስተር ነፃ ቀረች፤ ኤደን ያዘቻት። መጨረሻው ዙር ላይ ብሩክና ሁለቱ የደሳለኝ ልጆች ወድቀው ጁነይድም በር ላይ ተመታ። ማንም እንዳይደፍራት ጥግ ይዛ የነበረችው ልጅሽ ከማዶ ሆና መድኃኒቱን ወረወረችለት፤ ተነሣ፤ ከኋላ የመጡትን የመጨረሻ ሁለት ተጋጣሚዎች መታ፤ አለቀ። ፀጋዬ መጠቅለያውን ጨብጦ ወደ እኔ መጣና «ጋሼ፣ የዛሬው ወረቀት ለኦቾሎኒም አልሆነ» አለኝ። ሙሄ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። መምጣቱን አላየሁም።

ስንመለስ ኤደንን ለምን ሲስተርን እንደምትመርጥ ጠየቅኳት። ከሠንጠረዤ የተለየ ምክንያት እንዳላት ጠርጥሬ ነበር። «ርቃ ቆማ የምታድን እሷ ብቻ ናት» አለችኝ።

ስለዚህ አትውሰጃት። ከጁነይድ ጋር ሌላ ነገር አለ ወይ ብትዪኝ፣ ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል፤ እኔ ግን ከእንግዲህ ማስረጃ ሳልይዝ አልጽፍልሽም። ብትችይ ለፋሲካ ነይ፤ ለመውሰድ ሳይሆን ለማየት። የጥር 18ቱን ደብዳቤ ግን በዚሁ ሾፌር መልሰሽ ላኪልኝ። በሰው ቤት መጠቅለያ እንዲሆን አልፈልግም።

ለደረጄ እጅግ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ሳምራዊትን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የማባዣ ሠንጠረዡን እስከ ሰባት ካልያዘች ግን እንዳትነግሪኝ። ለምትረዳሽ ለሙሉ፣ ለጎረቤቶችሽም ሁሉ ሰላም በይልኝ። ሙሄና ሙሀባ ሰላም ብለውሻል። ኤደን ይህን ደብዳቤ ከመታሸጉ በፊት አንብባው ሁለት ቦታ አርማኛለች፤ እርማቱን ተቀብያለሁ።

ስጽፍልሽ ሁለት ገጽ ተበላሽቶብኛል። ቁጥር 47 እና 49 ናቸው። አብሬ አሽጌልሻለሁ፤ ቁጠሪያቸው።

ወንድምሽ ገብረሚካኤል
ሸዋ ሮቢት
ሰኞ የካቲት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.