ለፈተና የለመደ አፍ

ለእቴቴ ካፉይ፣

እንደምን ከርመሻል እቴቴ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ያልሽው ለቀቀሽ ወይስ ለሰው ሁሉ መድኃኒት እያደልሽ የራስሽን ችላ ብለሻል? ብርዱስ ገባ? ባለቤትሽ ማውሊ የሌሊት ፈረቃውን ተወው? መንታዎቹስ እንዴት ናቸው፣ የፊት ጥርሳቸው በቀለ? ፎቶአቸውን ለእማዬ ባሳየኋት ቁጥር «እነዚህ ልጆች ከስተዋል፣ እዚያ አገር ምንድን ነው የሚያበሏቸው?» ትለኛለች። ጉንጫቸው ግን ሊፈነዳ ደርሷል።

እማዬ ደህና ናት። ዓይኗን ሞራ እየጋረዳት ነው፤ ታከሚ ስላት የሽንኩርት መደቤን እስካየሁ ይበቃኛል ትላለች። ዘንድሮ ሐይቁ ሞልቶ የታችኛውን መደብ በላው፤ የላይኛው ግን ጥሩ ይዟል። የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ተቀየሩ፤ አዲሱ ቄስ ስብከት ስለሚያረዝሙ እማዬ መሃል ላይ ታንቀላፋለች፣ ሳነቃት ደግሞ እየጸለይኩ ነው ትላለች። እኔ በአካል ደህና ነኝ። በሌላው ደህና አይደለሁም፤ ይህን ወረቀት የያዝኩትም ለዚያ ነው።

የመጀመሪያውን፣ በኮምፒዩተር የሚሰጠውን ፈተና አክራ ሄጄ ማለፌን ታውቂያለሽ። የቀረኝ እናንተ ጋ መጥቼ የምፈተነው የእጅና የአፍ ፈተና ነበር። አንቺ በመጀመሪያው ጊዜ ለምን እንደወደቅሽ አልረሳሁም። ሁሉን እንደ ደንቡ ሠርተሽ አፍሽን ሳትከፍቺ በመውጣትሽ ፈታኟ «ያልተናገርሽውን እንደሠራሽው አልቆጥረውም» ብላ ጣለችሽ። እኛ ጋ በሥራ ላይ የምታወራ ነርስ ሥራ ፈት ትባላለች፤ እዚያ ግን እጄን ታጠብኩ፣ ስሙን ጠየቅኩ፣ ትንፋሹን ቆጠርኩ እያሉ ካልለፈለፉ አይታለፍም። ለዚህ ነው «ሴፋኮር፣ እዚያው በሽተኛ ላይ ተለማመጂ፣ በቋንቋችን ተናገሪው፣ አፍሽ ከለመደ እንግሊዝኛው ራሱ ይከተላል» ያልሽኝ።

እኔም እንዳልሽኝ አደረግኩ። ሴሎርምን ታስታውሺዋለሽ፣ አንቺ ስትሄጂ ገና ተለማማጅ የነበረው ያ ረጅሙ ነርስ። ከእሱ ጋር በምሳ ሰዓት አሮጌው ዕቃ ቤት ውስጥ እንገባለን። አንድ እጇ የጠፋ የማስተማሪያ አሻንጉሊት አለች፤ እሷን አስተኝተን እሱ በስልኩ ሰዓት ይይዝልኛል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቧንቧ የለም፣ ጓንት የለም፣ ኦክስጅንማ ከየት ይመጣል። የሌለውን ሁሉ በአፍ እንሞላዋለን። እጄን በአየር ላይ እያሻሸሁ «ታጠብኩ» እላለሁ፤ ባዶ ቱቦ ይዤ «ኦክስጅን ጀምሬለታለሁ፣ ሐኪም ጠርቻለሁ» እላለሁ፤ እሱም ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርግልኛል። አንድ ቀን «ይቺን ምስኪን ዛሬ በወሬ ብቻ አዳንሻት» ብሎ ሲስቅብኝ እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ከዚያ በሥራ ላይም ጀመርኩት። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ የእግሩን ቁስል እያጠብኩለት «አሁን ጨርቁን እያነሳሁ ነው፣ አሁን በጨው ውኃ እያጠብኩ ነው» ስል ሰምቶ ሰምቶ «አንቺ ልጅ፣ የምታወሪው ከእኔ ጋር ነው ወይስ ከቁስሉ ጋር?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ግን ወደዱት እቴቴ። እናቶቹ በተለይ፣ ለልጃቸው ምን እየተደረገ እንደሆነ በገዛ ቋንቋቸው ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ እንደ እነዚያ ሁለት ወራት ተመስግኜ አላውቅም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሕፃናት ክፍል ነበርኩ። ኤሊኬም የሚባል የአሥራ አራት ወር ልጅ በሳንባ ምች ከተኛ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እናቱ አፊ ትባላለች፣ ከታችኛው መንደር፣ ሽንኩርት የምታመርት፣ ዕድሜዋ ከሃያ ሦስት የማይበልጥ። ልጁ በድንገት ባሰበት። አፍንጫው ይርገበገባል፣ የጎድን አጥንቱ ሥር ይሰረጉዳል፣ ከንፈሩ መጥቆር ጀምሯል። ኦክስጅን የሚሠራው አንዱ ማሽናችን ሌላ ጨቅላ ላይ ነበር። ሲሊንደሩ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው፤ ሙሉ ሲሊንደር የጫነው መኪና መንገድ ላይ ነው፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም ብለውናል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ክፍል ነው። አምቡላንሱ ምጥ የጠናባትን ሴት ይዞ ሄዷል።

ጭምብሉን አንስቼ ልጁ ፊት ላይ አደረግኩ፤ ሲሊንደሩ እንደመጣ ወዲያው ቱቦውን እንድቀጥልበት ብዬ ነው። እጄ ይህን ሲያደርግ አፌ ቀደመኝና «አሁን ኦክስጅን ጀምሬለታለሁ፣ ሐኪምም ጠርቻለሁ» አልኩ። በቋንቋችን፣ ጥርት አድርጌ፣ ልክ ለሴሎርም እንደምለው። ላታልላት ብዬ አልነበረም፣ እግዜር ያውቃል። ግን ያልኩትን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼም አላረምኩትም፤ ምክንያቱም አፊ ክንዴን ይዛ ስትለምነኝ ቆይታ፣ ያንን ስትሰማ ለቀቀችኝና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሩብ ሰዓት ነው፣ ይደርሳል፣ ቃሌም እውነት ይሆናል አልኩ በልቤ። ከዚያ መኪናው የት ደረሰ ብዬ ልደውል ወደ መድኃኒት ቤቱ ሮጥኩ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ምን እንደምል ታውቂያለሽ፤ አንቺም እዚህ ስትሠሪ ስንቴ ብለሽዋል። «ኦክስጅን የለንም፣ መኪና ፈልጉና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሩጡ» ነው የምንለው። ያን ቀን እሱን አላልኩም።

ሩብ ሰዓቱ ግማሽ ሆነ፣ ግማሹ ሰዓት ሆነ። በስልክ «ደርሰናል» ይሉኛል፣ ጎማ ፈንድቶባቸው ነበር ለካ። በእጅ በሚጨመቀው ፊኛ አየር ስሰጠው ቆየሁ። ሐኪሙ ሲወጣ ልጁ ደክሟል። ከባሰበት አንስቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ታግሎ ሞተ። ሲሊንደሩ የደረሰው ልጁን አጥበን ስንገንዘው ነው። የመንደሯ ሴቶች መጥተው እንደ ልማዳችን «ውኃው ነው የፈሰሰው፣ ማሰሮው አልተሰበረም፣ ገና ትወልጃለሽ» እያሉ አጽናኗት። እሷ ግን እኔን ነበር የምታየው፣ ስትወጣም ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳችኝ።

በአሥረኛው ቀን አፊ አንድ ጉንጉን ሽንኩርት ይዛ ሆስፒታል መጣች። ልታመሰግነኝ ነው እቴቴ። «ሲስተር፣ የሌላው ልጅ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ይሞታል፤ የእኔ ግን ሁሉ ተደርጎለት ነው የሞተው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለችኝ። ያኔ ነው መኪናውን የነገረችኝ። ወንድሟ ኮሲ ሽንኩርት የጫነ ፒክአፑን በር ላይ አቁሞ ነበር። እኔ መድኃኒት ቤት ሳለሁ በመስኮት ጠርቷት «ነይ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንውሰደው» ሲላት «ኦክስጅን ጀምረውለታል፣ ሐኪምም ተጠርቷል፣ አንተ ገበያህ ሳያልፍብህ ሂድ» ብላ መለሰችው። ትልቁ ሆስፒታል ሃምሳ ደቂቃ ነው። ልጁ አንድ ሰዓት ተኩል ኖሯል። ይሄን ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንዳሰላሁት አልነግርሽም።

ሽንኩርቱን ተቀበልኩ። አመሰግናለሁም አልኳት። እንዲህ ያለች እህት ናት ያለችሽ።

ለሴሎርም ነገርኩት። «ልጁ በየትም በኩል ይሞት ነበር፤ ያለ ነቀፋ ሠርታለች የሚለው ወረቀት ከነርሶች ምዝገባ እስኪመጣልሽ አፍሽን ዝጊ» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አፍሽን ክፈቺ እያለ ሲያስጠናኝ የከረመው ሰው ነው። የነርሶች አለቃችን ሜትሮኗ ደግሞ ሰምታኝ ስታበቃ በሩን ዘጋችና «እኔ ምንም አልሰማሁም። ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢ» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስንቱን ቀብራ ያረጀች ናት። ልጁ ይተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም፣ አይተርፍም ብዬም መማል አልችልም። የምችለው መሄጃ እንደነበረው መናገር ብቻ ነው፤ መንገዱን የዘጋሁበት ደግሞ እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አፊ ጋ ሄድኩ። ሽንኩርቷን ውኃ እያጠጣች አገኘኋት። እዚያው መደቡ መሃል ቆሜ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ ባልዲውን አስቀመጠችና «እንግዲያው ኮሲን የመለስኩት እኔ ነኝ» አለች። አይደለሽም፣ እኔ ነኝ አልኳት። «በእኔ አፍ ነው ሂድ የተባለው» አለች። አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። «ምን አስቸኮለሽ ሲስተር? እኔ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሁሉ ተደርጎለታል ብዬ ነበር። አንቺ አሁን ተናግረሽ ይቀልልሽ ይሆናል። እኔስ ዛሬ ማታ ምን ብዬ ልተኛ?» አለችኝ።

ልሄድ ዞር ስል ጠርታ መለሰችኝ። አማቷ ልጁን በግትርነቷ አስገደለችው፣ ደጅ ድረስ የመጣ መኪና መለሰች ብላ ለባሏ ቤተሰብ ከሳታለች። ባሏም ካኮረፋት ሰንብቷል። እስካሁን «ኦክስጅን ተጀምሮለት ነበር፣ መኪና ምን ያደርጋል?» እያለች ነው የተሟገተቻቸው፤ የያዘችው የእኔን ቃል ነው። «ያቺን ቃል ወሰድሽብኝ፤ ስለዚህ ቅዳሜ ሲሰበሰቡ መጥተሽ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ሁሉም ባሉበት። የማትመጪ ከሆነ ግን ከዛሬ ወዲያ ይህን ግቢ እንዳትረግጪ» አለች። እመጣለሁ አልኳት።

ከቤተሰቡ አንዱ ወረዳ ጤና ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ የምለው ሰኞ ቢሮ ይገባል። ወረቀቱ አይመጣም፣ ያለ ወረቀቱ ፈተና የለም፣ ምናልባት እዚህም ሥራ አይኖርም። አራት ዓመት ጠብቀሽኛል። እኔ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ፤ የሚያሳዝነው ደግሞ በብብቴ የነበረው የሰው ልጅ መሆኑ ነው። ምክርሽን አልወቅስም። ምክርሽ ጥሩ ነበር፤ ስንቱን በሽተኛ አረጋግቼበታለሁ። የሌለን ነገር አለ በይ አላልሽኝም፤ እሱን ራሴ ነኝ ያልኩት። ብቻ ጥፋትሽ አይደለም ብለሽ እንዳትጽፊልኝ አደራ። ያን ያለኝ ሰው በዝቷል፤ ከአንቺ ስሰማው ላምን እችላለሁና ነው።

ለእማዬ ትናንት የበቆሎ ገንፎአችንን፣ አክፕሌ፣ እያማሰለች ነገርኳት። ማማሰሏን አላቆመችም። አውጥታ አቀረበችና «ሰው ሽማግሌ ፊት ብቻውን አይሄድም፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ። ዓይንሽ በደንብ አያይም፣ መንገዱ አሸዋ ነው ብላት «እኔ የምሄደው ልናገር ነው እንጂ ለማየት አይደለም» አለች። ከዚያ ገብታ ጥቁር ልብሷን ከሳጥን አወጣች።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ከሰማሁ የምቀር ስለመሰለኝ ነው። አንቺ ማሳመን ታውቂበታለሽ፣ እኔም መቅረት እፈልጋለሁ። ፖስታው ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ይህን ስታነቢ ቅዳሜ አልፏል።

ለማውሊ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ያሰናዳልኝን ክፍል ለተከራይ ይስጠው፣ ባዶ አይቀመጥ። ጎረቤትሽ ያቺ ፊሊፒናዊት ነርስ ማስታወሻ ደብተሯን ስላዋሰችኝ አመስግኚልኝ፣ መልሼ እልክላታለሁ። እማዬ ጉልበትሽን በሞቀ ጨው እሺው ትልሻለች። ሴሎርም ሰላም ብሎሻል። መንታዎቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ፤ አክስታችን መቼ ነው የምትመጣው ሲሉሽ አትመጣም በያቸው። ልባቸው እንዳይሰበር ብለሽ በመንገድ ላይ ናት እንዳትያቸው።

ታናሽ እህትሽ ሴፋኮር

አዴላኮፔ፣ ኬታ ሐይቅ ዳር
ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2019