ታኮ የሚያስገባ ሰው

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ፲፪

ዛሬ ጠዋት ውርጩ ከመኪናዬ መስታወት አልለቅ ብሎ አስቸገረኝ። ገበያው ዳር ያለው ሜዳ ሞልቶ ስለነበር መኪናዋን ዳገቱ ላይ አቆምኩ። የእጅ ፍሬኑን ስቤ ወረድኩ። ለታኮ የሚሆን ድንጋይ ሳነሳ ቀስ እያለች ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሮጬ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ወተፍኩት።

ከዚያ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የኋላውን ጎማ ፈትቶ አየ።

«ጋሼ፣ የፍሬን ሸራው ደኅና ነው። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ ተጣብቋል። ለመሆኑ ስበውት ያውቃሉ?» አለኝ።

ዳገት ላይ ስንቆም እኔ ፍሬን ረግጬ እጠብቃለሁ፤ ባለቤቴ የውብዳር ወርዳ ታኮውን ታስገባለች። ከዚያ የመኪናዋን ጎን በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች፤ ያኔ እግሬን አነሳለሁ። ስንት ዘመን እንዲህ ኖርን። ከሞተች ወዲህ ሜዳ እየፈለግሁ ነው የማቆመው።

ገመዱን ቀየረልኝ። ተመልሼ እዚያው ዳገት ላይ ሞከርኳት። የእጅ ፍሬኑ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። እኔ ግን እግሬን ከፍሬኑ ላይ ሳላነሳ፣ ያቺን መታ መታ እየጠበቅሁ ብዙ ቆየሁ።