መሲ ጋራሽ ላይ ወጣች

አስኩዬ፣

ሩቅ ላለ ሰው ሲጻፍ «እንዴት ከርመሻል» ይባላል። ካንቺ መልስ እንደማይመጣ ባውቅም ሳልጠይቅሽ መጀመር አልሆነልኝም። እንዴት ከርመሻል? ነፍስሽ ያረፈችበት ቦታ ሰላም ይሁንልሽ። እነሆ ከተለየሽኝ ዓመት ሞልቶ ሌላው ክረምት ሊወጣ ነው። ሙት ዓመትሽን በዚሁ በፍልሰታ አወጣን፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፣ ካህናቱም ጸለዩልሽ። እንግዳው ሲበተን ቤቱ ጭር አለብኝና ብዕር አነሳሁ። ስለ ዘንድሮው ክረምት ልነግርሽ ነው፤ በተለይ ስለ ልጃችን።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ። የሐረሩ አቦከር ሰፈራችን እንደምታውቂው ነው፤ ውኃ በተራ ይመጣል፣ እኔም እንዳንቺው ባልዲና ጀሪካን ደርድሬ እጠብቃለሁ። የስፌት መኪናሽን ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠኋት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋበታለች፣ ድምፁ በግድግዳው በኩል ሲመጣ ደስ ይለኛል። ሸዋ በር ግን ብትመጪ መንገዱ ይጠፋሻል፤ ተቆፍሮ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መሄጃው ተነጥፏል፣ እኔ ሚኒባሴን አቆምባት የነበረችው ጥግ አሁን አበባ ተተክሎባታል። ሽሮ መሥራትም ተምሬያለሁ። አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ በማንኪያ የሚቆረስ ይሆናል፤ ብታዪው እየሳቅሽ ትበዪው ነበር።

ሰኔ ላይ መሲ ደወለች። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘግቶላት ነበርና «አባዬ፣ ና ሐዋሳ። ለክረምቱ ብቻ ሳይሆን ጠቅልለህ ና። ቤቱን እንሸጠዋለን፣ ብቻህን ምን ታደርጋለህ እዚያ?» አለችኝ። የመሸጡን ነገር በይደር አቆየሁት፤ ለክረምቱ ግን እሺ ብዬ ተነሳሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ከመሪ ኋላ ተቀምጬ የኖርኩ ሰው፣ ተሳፋሪ መሆን ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። በየቁልቁለቱ ቀኝ እግሬ ሳላዘው ፍሬን ይረግጣል፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «አመመዎት እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የጨርጨር ተራሮች ጉም ለብሰው፣ ማሽላው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ለምልሞ ሳየው አንቺ ትዝ አልሽኝ። ስፌቱን ትተሽ ችግኝ መትከል ከጀመርሽ ወዲህ ካንቺ ጋር መንገድ መሄድ ፈተና ነበር። ተሳፋሪ ጭኜ ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ አስቁመሽኝ የወይራ ፍሬ የለቀምሽበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ? ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም አንድ ጫታቸውን የያዙ ሽማግሌ ወረዱና፣ «አቦ ምን ትቸኩላላችሁ፣ ሙቀቱ የትም አይሄድ» ብለው አብረውሽ ለቀሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ ረዳቴ «የደን ሚኒስትር» እያለ ይጠራሽ ነበር፤ አልነገርኩሽም እንጂ።

ሐዋሳ መልካም ነው። መሲ ቤቷ ንጹሕ፣ ሥራዋም የሰመረ ነው፤ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ታስኬደኛለች። ጥሩ አድርጋ ነው የያዘችኝ፤ ግን ስላንቺ አናወራም ነበር። ስምሽን ባነሳሁ ቁጥር ተነስታ ዕቃ ታጥባለች።

አንድ ጠዋት ፋጡማ ደወለች። አዎ፣ ያንቺ ፋጡማ፤ ሸዋ በር ቲማቲም ስትሸጥ የተዋወቅሻት፣ ለሴት ልጆቿ የኢድ ቀሚስ የሰፋሽላት፣ ዓይንሽ ደክሞ መርፌ ማስገባት ሲያቅትሽ «ነይ እኛ አገር፣ ጋራው ላይ ችግኝ እንተክላለን፣ አየሩ ይሻልሻል» ብላ ድሬ ጠያራ የወሰደችሽ። ድምጿ እንደ ሁልጊዜው ፈጣን ነው። «የመሲ አባት፣ ዝናቡ ገብቷል፣ ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ዘንድሮ የአስካለን ቦታ ማን ይያዝ?» አለችኝ። «ላስብበት» አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ግን መልሱ አፌ ላይ ነበር።

ለመሲ «ልመለስ ነው፣ እናትሽ የምትተክልበት ቦታ ሄጄ ላግዝ» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ያ ጋራ እናቴን በላ። አሁን ደግሞ አንተን ሊበላ ነው?»

እሷ የምታውቀው ይህን ነው፦ ያን ቀን ጋራው ላይ ዝናብ መታሽ፣ በማግስቱ ትኩሳት ያዘሽ፣ ሳንባሽ ተመታ፣ ሆስፒታል ገባሽ፣ ከዚያ አልወጣሽም። እሷ ከሐዋሳ የደረሰችው ለቀብር ነው። ፋጡማ ከአገሯ ሴቶች ጋር ለልቅሶ ስትመጣ መሲ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየ ፊቷን አዞረችባት፤ የተዘረጋላትን እጅ አልጨበጠችም። ይህን አንቺ አላየሽም፤ እንኳንም አላየሽ። ፋጡማ እጇን መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችና ጥግ ይዛ እስኪመሽ ተቀመጠች።

አልተከራከርኩም። ሻንጣዬን ሳዘጋጅ መሲም የራሷን አወጣች። «አስረክቤህ እመለሳለሁ» አለች። በመንገዱ ሁሉ ሙዚቃ ጆሮዋ ላይ ሰክታ መስኮት መስኮቱን ስታይ ነበር።

የተከላው ቀን ከሸዋ በር ሚኒባስ ይዘን ሄድን። ጋራው ሥር ስንደርስ መሲ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና «እዚሁ እጠብቅሃለሁ» አለችኝ። ፋጡማ ልትቀበለን መጣች፤ እኔን ሳመችኝ፣ ለመሲ ራቅ ብላ «ሰላም ነሽ ልጄ» አለቻት። መሲ በአንገቷ ብቻ መለሰች። ፋጡማም አልተጠጋቻት፤ የራሷን ኩርሲ አስመጥታ «ድንጋዩ ይቀዘቅዛል» ብላ አጠገቧ አኖረችላትና ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኔ እንግዲህ ወጣሁ። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ፤ ሴቶቹ ቀድመው ወጥተው ከላይ ያዩኛል። ችግኙን በሳጥን ተሸክመን በየጉድጓዱ አጠገብ አስቀመጥን። የመጀመሪያውን ጽድ ተቀብዬ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባሁ፣ አፈር መለስኩ፣ በእግሬ ረገጥ ረገጥ አድርጌ ቀና ስል ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ለካ ከነፕላስቲኩ ተክዬዋለሁ። ፋጡማ ከታችኛው እርከን ሆና፣ «የመሲ አባት፣ ልጅ ከነጫማው ይተኛል እንዴ? አውልቅለት እንጂ!» አለች። ሳቁ ጋራውን ሞላው። ከሥርም ሌላ ሳቅ ሰማሁ፤ ዞር ብዬ ሳይ መሲ ናት። ካንቺ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር፣ አስኩ። ጥቂት ቆይታ ተነሳች፣ ሱሪዋን ሰበሰበችና ወደ እኔ ወጣች። «ስጠኝ፣ እኔ ፕላስቲኩን ልቅደድ፣ አንተ ያዝ» አለችኝ። እንዲህ ሆነን ልጅና አባት ስንተክል ረፈደ። አነጋገሯ አጭር ነው፣ እጇ ግን ያንቺ ነው፤ ሥሩ እንዳይሰበር አፈሩን በመዳፏ አቅፋ ነው የምታወርደው። ማን እንዳሳያት አላውቅም።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ባንድ ጊዜ ጠቆረ። የሐረርን የሐምሌ ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ አይለምንም፣ አያስጠነቅቅም። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወድቅ ፋጡማን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። በኦሮምኛ ጮኻ ሴቶቹን ሁሉ ወደ ታች ሰደደቻቸውና ወደ እኛ ሮጠች፤ ራሷ የተከናነበችውን ላስቲክ ገፍፋ መሲን ሸፈነቻት።

«ትንሽ ነው የቀረን፣ እንጨርሰው» አለች መሲ።

«ይቅር። ችግኝ ነገም ይተከላል። አንቺን ዝናብ አይነካሽም። ወላሂ እኔ ሁለተኛ አልችልም» አለችና እጇን ይዛ እየጎተተች አወረደቻት። እኔ ከኋላ እየተንሸራተትኩ ተከተልኩ። ፋጡማ በቀሚሷ ብቻ ነበረች፣ ውኃው ከሻሿ ላይ እየወረደ። መሲ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ያ እጅ ከጋራው እስከ ቤቱ ድረስ አንድም ጊዜ አልለቀቃትም።

ፋጡማ ቤት ገባን። እሳት አነደደችልን፣ ደረቅ ልብስ ከሳጥን አውጥታ ለመሲ ሰጠቻት፣ ከቡና ገለባ በወተት የፈላ ትኩስ ሆጃ ቀዳችልን። እሷ ራሷ ልብስ የቀየረችው መሲ ጠጥታ መጨረሷን ካየች በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ኋላ መሲ እሳቱን እያየች ጠየቀቻት።

«ያን ቀን እንዴት ነበር?»

ፋጡማ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ተናገረች። እንዳለችው ልጻፍልሽ፤ አንቺ የነበርሽበት ነውና ስህተት ካለው ታውቂዋለሽ።

«እንደዛሬው ነበር፣ ልጄ። ዝናቡ ሲመጣ እንውረድ አልኳት፣ ይህን መስመር ጨርሰን አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። እየሳቅን ነው የጨረስነው፤ ጭቃው ጫማዋን ወስዶባት በአንድ እግሯ ነበር የቆመችው። ሁላችንም በሰበስን። ማታ እኔንም አተኮሰኝ። እኔ ዳንኩ፣ እሷ ሄደች፣ አላህ ይዘንላት። የሱን ሥራ አልጠይቅም። ግን ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ሴቶቹን እየቆጠርኩ አወርዳለሁ። ድንኳን ስመጣ ፊትሽን ስታዞሪብኝ አልተቀየምኩሽም። የኔም እናት ብትሆን እኔም አዞር ነበር።»

መሲ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረች። ፋጡማ ቀጠለች፣ «ስላንቺ ሳታወራ የዋለችበት ቀን የለም። ጋራው ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ያውቁሻል። ሐዋሳ ያለችው መምህርት ልጄ እንዲህ አለች፣ እንዲህ ሠራች ትለን ነበር። ዛሬ ድንጋዩ ላይ ስትቀመጪ ሁሉም ወደታች የሚያዩት አንቺን ነበር።»

ያን ጊዜ መሲ ጎንበስ ብላ ፊቷን ፋጡማ ጉልበት ላይ ጣለች። ለቀብርሽ እንኳ እንዲያ ሆና አላለቀሰችም፤ ያን ጊዜ እንግዳ ስትቀበል፣ ድንኳን ስታስተካክል፣ እኔን ስትጠብቅ ነበር። ፋጡማ ፀጉሯን እየዳበሰች በኦሮምኛ አንድ ነገር ታንሾካሹክላት ነበር። እኔ ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ግቢው ውስጥ ውኃ እንደ ወንዝ ይወርዳል፣ ዶሮዎቹ ጎተራው ሥር ተጠግተዋል። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅሽ።

በማግስቱ መሲ ቀድማኝ ተነሳች፤ ዳግም ወደ ጋራው የሄድነውም በሷ ጉትጎታ ነው። በየቀኑ እየሄድን ተከላውን እስከ መጨረሻው አብረን ሠራን። ሁሉ ነገር ሰምሯል ብዬ ላታልልሽ አልፈልግም። አምና ከተከላችሁት ብዙው የለም፤ የበጋው ድርቀት የገደለው አለ፣ ፍየል የጨረሰው አለ፣ በላይኛው በኩል ጎርፍ እርከኑን ንዶ ጠራርጎ የወሰደውም አለ። የተረፈው ግን ጉልበት ደርሷል። ዋንዛው ከሁሉ ቀድሞ ቅጠሉን ዘርግቷል።

መሲ ስለ ቤቱ መሸጥ አንድ ጊዜ ብቻ አነሳች፣ ያውም ራሷ ልትተወው። «ክረምቱን እዚህ ሁን፣ በጋውን ግን ለእኔ ስጠኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ለሁለታችንም የሚበጅ መሰለኝ፤ አንቺስ ምን ትያለሽ? ለሙት ዓመትሽ ቆይታ፣ ትምህርት ሊጀመር ሲል ተመለሰች። ልንሸኛት ሸዋ በር ስንቆም ፋጡማ በፌስታል ጊሽጣ ይዛ ከገበያው መሀል እየተጋፋች መጣች። መሲ ሻንጣዋን ለረዳቱ ጥላ ሮጣ አቀፈቻት። አውቶቡሱ ጥሩምባውን እስኪነፋ አልተላቀቁም።

ብቻዬን ስሆን አንዳንዴ አስበዋለሁ። ወደዚያ ጋራ ባትሄጂ ኖሮ ዛሬ አጠገቤ ትኖሪ ነበር ይሆን? ሰው ይህን ማሰብ አይተውም። ግን ሌላም አስታውሳለሁ። በመርፌና በጨርቅ ላይ አጎንብሰሽ በኖርሽባቸው ዓመታት ማታ ስትነሺ ወገብሽን ይዘሽ ታቃስቺ ነበር። ከጋራው ስትመለሺ ግን የቀሚስሽ ጫፍ ጭቃ፣ ፊትሽ የፀሐይ ቀለም ይዞ፣ እራት እስኪቀርብ ማውራት አታቆሚም ነበር። እኔ ሬዲዮውን እዘጋልሽ ነበር። ያችን አስካለን ጋራው ነው የሰጠኝ። ስለዚህ ልጣላው አልቻልኩም። መሲም ታርቀዋለች መሰለኝ፣ ወይም እየታረቀች ነው።

ፋጡማና ሴቶቹ አንድ ዛፍ መርጠን የአስካለ እንበለው ብለውኝ ነበር። እንቢ አልኩ፣ አትቀየሚኝ። ያን ሁሉ ችግኝ ከነሱ ጋር ስትተክዪ ምልክት አላደረግሽበትም፤ እኔ አንዱን ለይቼ ያንቺ ነው ብል ሌላውን የማን ላደርገው ነው? ነገ ኩትኳቶ አለ። ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ በየክረምቱ እወጣለሁ፤ የትኛው ያንቺ እንደሆነ ስለማላውቅ እያንዳንዱ ሥር ተንበርክኬ፣ ሁሉንም ያንቺ ነው ብዬ እኮተኩታለሁ።

ያንቺው
ታደሰ