ዓርብ የሚታጠብ ሮቶ

ይድረስ ላሳደጉኝ አክስቴ ለወይዘሮ ወለተኢየሱስ፤ የገሰራ ብርድ እንዴት አደረገዎት? እኔ ይመስገነው፣ ደህና ነኝ።

ባለቤቴ ዳግማዊ ሮቶ ስላስተከለልኝ ከቦኖ ወረፋ ተገላግያለሁ። «ውሃው ግቢሽ ገባ፤ ከእንግዲህ ደጅ ምን አለሽ?» ይለኛል። የበሩንም ቁልፍ እንዳይጠፋብኝ ብሎ ሥራ ይዞት ይሄዳል።

ሮቶ በዓመት ሁለቴ ቢታጠብ ይበቃዋል ይላሉ፤ እኔ ግን ዓርብ ዓርብ በበረኪና እፈትገዋለሁ። መሰላሉ ላይ ስወጣ ወደ እርስዎ የሚሄዱት መኪኖች ይታዩኛል። ጎረቤቴ ገላኔ «ኧረ ይሄ ሮቶ በመታጠብ ብዛት ሊሳሳ ነው!» እያለች ትስቃለች። ይህንንም ደብዳቤ በአጥሩ ላይ የማቀብለው ለእሷ ነው።

መልስዎን በእሷ በኩል ይላኩልኝ። ግን ዓርብ ይድረስ፤ በሌላ ቀን መሰላል የምወጣበት ምክንያት የለኝም።

ዓይንዎን ለማየት ያብቃኝ።

ልጅዎ ሀይሚ፣ ከሮቤ